ለዌብሳይት የጻፍሁት ማመልከቻ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ ሄጄ፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ኮምፒውተሯን ሁለት ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጋ፣ «እማማ፣ ይቅርታ፣ ሲስተሙ ይሄን ብሮውዘር አይቀበልም እያለ ነው፤ ነገ ይመለሱ» አለችኝ። ሳቄ መጣ። አንዴ ከጀመረኝ ደግሞ አልቆም አለኝና ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላዬ የቆመው ሰውዬ ያበድሁ መስሎት «አይዞዎት እማማ፣ ነገ ይሆናል» ይለኛል። ምን ያውቃል! ከዚች አባባል ጋር አንድ ጊዜ ግንባር ለግንባር ገጥሜ ያሸነፍሁ ሰው መሆኔን ማን ይንገረው? ልጅቱን አመስግኜያት ወጣሁ፤ እሷ ምን አጠፋች።

ቤቴ ገብቼ ሻሼን አውልቄ ቁጭ ስል ያ ዘመን ተግተልትሎ መጣብኝ። ዘመን ስል ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ማን ወጣ ማን ወረደ የሚለውን እኔ አላስታውስም። የማስታውሰው አንድ ገጽ ማመልከቻ በታይፕ አንድ ብር ከሃምሳ እንደነበረ ነው፤ በካርቦን ሁለተኛ ቅጂ ከፈለጋችሁ ስሙኒ ትጨምራላችሁ። ቆቦ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወደ ወረዳው ቢሮ አስፋልቱን ይዛችሁ ስትሄዱ በስተግራ፣ አንዲት የኒም ዛፍ ነበረች። ከሥሯ ያለችው ባለ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት የኔ ነበረች። ከፊት ለፊቴ ካሴት ቤት አለ። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ የራያን ጭፈራ ሲለቅቀው፣ ጭብጨባውና የኔ ታይፕ አንድ ላይ ይመታሉ። ጎረምሶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ሚዷቸውን እዚያው ጸጉራቸው ላይ ሰክተው፣ ሽርጥ ታጥቀው፣ ኮንጎ ጫማ አድርገው እዚያ ይቆማሉ። ገበያ ቀን ሲሆን ደግሞ ከአፋር በኩል የመጡ ግመሎች በደጄ ያልፋሉ። ፀሐዩ አይጣል ነው! ከቀትር በኋላ የታይፑ ብረት ራሱ ጣት ይፈጅ ስለነበር እርጥብ ጨርቅ ከአጠገቤ አይለይም። ዛሬ ያች ኒም ተቆርጣ በቦታዋ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ የስልክ ሽፋን ይሸጡበታል። ልጆቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ሳልፍ ወንበር ያወጡልኛል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፎቅ ጥላ የዛፍ ጥላን አያህልም።

ማመልከቻ መጻፍ ቀላል ይመስላችኋል? ሞክሩትና እዩት! የሮቢት ገበሬ መጥቶ ስለ ድንበሩ ሲነግረኝ ከቅድመ አያቱ ነው የሚጀምረው። የሱን የሁለት ሰዓት ወሬ ግማሽ ገጽ ላይ ማሳረፍ ነው ሙያው። ቀን፣ ለማን፣ ጉዳዩ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ ፊርማ፣ ከታች ግልባጭ። ግልባጭ የሌለው ማመልከቻ እግር እንደሌለው ሰው ነው፤ ካስቀመጡበት አይነሣም። ለደንበኞቼ ሁሉ ደግሞ ሁለት ነገር ሳልነግር አልሸኝም ነበር። ወረቀቱን ለአለቃው በእጅ እንዳትሰጡ፤ መዝገብ ቤት አስገቡና የገቢ ቁጥር ተቀበሉ እላቸዋለሁ። ቁጥር የወጣለት ወረቀት ያለ መልስ ቢቀር የሚጠየቅ ሰው አለ፤ ቁጥር ያልወጣለት ግን የስኳር መጠቅለያ ነው የሚሆነው። ደግሞም፣ ውሳኔ ካለ ይግባኝ አለ እላቸዋለሁ። «አይቻልም» ያለ ሹም ሁሉ ከበላዩ ሌላ ሹም አለው። ባሌ ከሞተ በኋላ ሦስት ልጆች ያሳደግሁት በዚህ ነው።

ኋላ ባጃጁ መጣ፣ ሞባይሉ መጣ፣ ካሴት ቤቱ ተዘጋ፣ ለታይፑም ሪባን ጠፋ። እኔም ጊዜው ካመጣው ምን አመልጣለሁ ብዬ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ፤ ሆዱ የወጣ፣ ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ። ያስተማረኝ መምህር አንዱዓለም ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ የጓሮ ክፍሌን የተከራየ ልጅ ነበር። ኢንተርኔት ሲያስገባልኝ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ትልቁን ብሮውዘር ጫነልኝ። አይ መከራ! እሱ እስኪከፈት ሰው ዋጃ ደርሶ ይመለሳል። አዲሱን እንጫን ብንል ደግሞ የኔ አሮጌ ማሽን አልሸከምም አለ። መጨረሻ ላይ አንዱዓለም ከየት እንዳመጣት እንጃ፣ ስሟን ማንም የማያውቃት አንዲት ትንሽ ብሮውዘር ጫነልኝ። ቀላል ናት። ሥዕሉን ትታ ጽሑፉን ብቻ ይዛ ትመጣለች። እኔ ደግሞ ለጽሑፍ እንጂ ለሥዕል መቼ ገድዶኝ! «ትንሿ» እያልሁ እጠራት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትንሿ ትምህርት ቤቱም ገባች፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ኢንተርኔት ቤትም ገባች። ለቆቦ መስመር የምትሆን እሷ ብቻ ነበረች።

እንዲህ እያለን ነው ሲስተር ሙና የመጣችው። ሙና የሮቢት ልጅ ናት፣ እኛው ቆቦ ሆስፒታል አዋላጅ ነርስ። ጥቁር ሂጃብ በነጭ ጋዋን ላይ ለብሳ ከባጃጅ ስትወርድ ሴቱ ሁሉ መንገድ ላይ ያቅፋታል፤ የማናቸውን ልጅ አልተቀበለችም! ያን ቀን ግን ፊቷ ልክ አልነበረም። «እትዬ ዘውዴ፣ አንድ ነገር ይጻፉልኝ» አለችኝ። ምን ሆነሽ ነው ብላት አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ነገረችኝ። ከዋጃ የመጣች እናት ምጥ ጸንቶባት፣ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ። የሚያደነዝዝ ባለሙያ ስላልነበረ ወደ ወልድያ ተላከች። ሙና እጇን ይዛ አብራ ሄደች።

«ሮቢትን አልፈን ጎብዬ ሳንደርስ እጇ ቀዘቀዘብኝ» አለች። «ቢላው ቢኖር፣ ሐኪሙ ቢኖር፣ የሚያስተኛ ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ወላሂ፣ ዳግመኛ እንዲህ ያለ መንገድ አልሄድም ብያለሁ። ማደንዘዣ ልማር ነው።»

ትምህርቱን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ምዝገባ ከፍቶ ነበር። ምዝገባው ግን በዌብሳይት ብቻ ነው፤ በአካልም በፖስታም አንቀበልም ብለዋል። የሚዘጋው ዓርብ ሳምንት ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ይሄማ ምን አላት ብዬ ትንሿን ከፈትኋት፣ አድራሻውን መታሁ። ነጭ ገጽ መጣ። መካከሉ ላይ በቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ፣ ሌላ ምንም የለ። አንዱዓለምን ጠራሁት። አነበበና ከንፈሩን መጠጠ። «ይህ ብሮውዘር አይደገፍም፣ በሌላ ይምጡ ነው የሚለው።»

ያልሞከርነው የለም። ኢንተርኔት ቤቱም ትምህርት ቤቱም ያለችው ትንሿ ናት፤ ያው ቀይ ጽሑፍ። በትልቁ ስንሞክር ገጹ እኩሌታው መጥቶ መስመሩ ይቆረጣል። ሙና አንድ ቀን ፈቃድ ለምና ወልድያ ሄደች፤ ቀኑን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ዋለና ባዶ እጇን ተመለሰች። ሁለተኛ ፈቃድ ብትጠይቅ ማን ያዋልድ ተባለች። አንዱዓለም በገጹ ሥር ወዳለው አድራሻ ሦስት ጊዜ ኢሜይል ጻፈ። ጭጭ።

«የሚገርመው» አለ አንዱዓለም፣ «ሞክሮት አይደለም እኮ የሚመልሰን። የብሮውዘሩን ስም ያያል፣ ካላወቀው በር ይዘጋል። ቢያስገባን ምናልባት ይሠራ ነበር።»

ይሄን ስሰማ ጆሮዬ ቆመ። ስም አይቶ የሚመልስ በረኛ ለኔ አዲስ ነው? ስንቱን አውቃለሁ! «በል እንግዲህ፣ ያን ቀይ ጽሑፍ ፕሪንት አድርግልኝ» አልሁት።

«ለምንዎ?»

«ውሳኔ ነዋ! ከይግባኙ ጋር አባሪ ይሆናል።»

ሳቁን ለመያዝ ወደ በሩ ዞረ። «እትዬ፣ ዌብሳይት እኮ ማመልከቻ አያነብም!»

«መዝገብ ቤት ግን ያነባል» አልሁት። ከገጹ ሥር የፋክስ ቁጥርና ስልክ ነበራ።

እንዲህ ብዬ ጻፍሁ። «ጉዳዩ፦ በብሮውዘር ምክንያት ከምዝገባ መታገዳችንን ይመለከታል። ከላይ እንደተጠቀሰው፣ የመሥሪያ ቤታችሁ ዌብሳይት የብሮውዘራችንን ስም ብቻ አይቶ፣ ቅጹን መሙላት እንችል እንደሆነ ሳይሞክር ከበር መልሶናል። እኛ ባለንበት አገር ይህች ብሮውዘር ብቻ ናት የምትሠራው። እኛም ብሮውዘራችን ትንሽ ስለሆነች ሥራችን ትንሽ አይደለም።» እዚህ ላይ ሙና አቋረጠችኝ። «እትዬ፣ ‹በልዩ ሁኔታ እንዲታይልኝ› ይበሉልኝ። እኔን ብቻ ያስገቡኝ፣ ሌላው ይቅር።» ልማዱ እንደሷ ነው፤ ሰው ሁሉ በልዩ ሁኔታ እንዲታይለት ነው የሚጽፈው፣ እኔም ስጽፈው ነው የኖርሁ። ያን ቀን ግን እጄ እምቢ አለ። ለአንድ ሰው ብቻ የሚለመን በር ነገ ተመልሶ ይዘጋል። «ውሳኔው ተነሥቶ፣ በዚህች ብሮውዘር ለሚመጣ ሁሉ በሩ እንዲከፈት በትሕትና እናመለክታለን» ብዬ ጨረስሁት። ሙና ፈረመች፣ ፊቷ ግን ጠቁሮ ነበር፤ ለመልስ የኔን ስምና ስልክ ጻፍሁበት። ከታች ግልባጭ አደረግሁ፦ ለበላይ አካል፣ ለፋይል። የበላይ አካል የተባለው ማን እንደሆነ እኔም አላውቅ።

ፋክሱን ከላክሁ በኋላ ደወልሁ። መዝገብ ቤቷ ተነጫናጭ ነበረች። «ምዝገባ በዌብሳይት ነው እትዬ፣ እኛ ጋ አይመለከትም።» «አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ መዝግቢልኝ አላልሁሽም። ገቢ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ» አልኋት። ከዚያ ማህተም ሲመታ ጠ! ሲል በስልኩ ሰማሁት። እሰይ! ቁጥሩን ሰጠችኝ፣ መዳፌ ላይ ጻፍሁት።

ማክሰኞ አለፈ፣ ረቡዕ አለፈ። ሙና በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ትመጣና አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። እኔም «በልዩ ሁኔታ» ባልሁላት ኖሮ እያልሁ ራሴን እወቅሳለሁ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ሙና መጥታ እንደተቀመጠች፣ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ ዘውዴ ነዎት? ዌብሳይቱን የምሠራው እኔ ነኝ። ማመልከቻዎ ደርሶኛል።»

ድምፁ የልጅ ነው። «ገቢ ቁጥሩ አለበት?» አልሁት።

«አለበት እንጂ! አለቃዬ ጠርዙ ላይ በቀይ ‹ዛሬውኑ መልስ ይሰጥ› ብሎበት ነው የመጣው። እትዬ፣ ግልባጩ ላይ የበላይ አካል የሚለው ማነው? ሁሉም እኔን እየጠየቀኝ ነው።»

«እሱ ይቆይህ። ወደ ጉዳዩ።»

«ጉዳዩማ፣ ይሄ እኮ ውሳኔ አይደለም። ማንም አልወሰነባችሁም፤ ማሽኑ ነው። የብሮውዘር ስም አይታ የምትመልስ አንዲት መስመር ኮድ ናት።»

«ያችን መስመር ማን ጻፋት?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ወስነሃላ! ጸሐፊ አለው፣ የተጎዳ ሰው አለው። ሌላ ውሳኔ ምን ይመስላል የኔ ልጅ?»

ሳቀ፤ መጥፎ ሳቅ አልነበረም። በማያውቀው ብሮውዘር ገጹ ቢበላሽ ይወቅሱኛል ብሎ ፈርቶ እንደጻፋት ነገረኝ። ሞክሮት እንደማያውቅም አልደበቀኝም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ለምን እንደክማለን፤ የሲስተሯን መረጃ በስልክ ይንገሩኝና አሁኑኑ በእጄ ላስገባት። በአምስት ደቂቃ አለቀ» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ያን ሰዓት እሺ ልለው ነበር። ያ ሁሉ ኩራቴ በኖ ጠፋ። የሰው ልጅ ሕይወት ነው የያዝሁ፣ ነገ ይዘጋል። ግን ጉዳዩ የኔ አይደለምና ስልኩን ለሙና ሰጠኋት። ሰማችው። በሂጃቧ ጫፍ ላቧን ጠረገች።

«ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ» አለችው። «ግን እኔን በጓሮ ብታስገባኝ፣ እንደኔ ያለች አንዲት አዋላጅ ሌላ ቦታ ይሄው ቀይ ጽሑፍ ፊት ተቀምጣ ይሆናል። እሷ እትዬ ዘውዴ የላትም። መስመሯን አንሣልኝ። እኔም እንደ ሰው በበሩ ልግባ።»

«አንሥቼው ገጹ ባይሠራስ? ነገ ስድስት ሰዓት ካለፈ እኔም ላስገባሽ አልችልም።»

«ባይሠራ የአላህ ነው» ብላ ስልኩን መለሰችልኝና አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። «እትዬ፣ ምን አደረግሁ?» ትለኛለች። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኋት። እኔ ራሴ ግን ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

ዓርብ ጧት በሁለት ሰዓት ከፈትን፤ ቀይ ጽሑፍ። በሦስት ሰዓት፤ ቀይ ጽሑፍ። ሙና ለግማሽ ቀን የጓደኛዋን ተራ ቀይራ መጥታ ከጀርባዬ ቆማ ዱዓ ታደርጋለች። ወሬው ተሰምቶ ሰው ተሰበሰበ፤ ለድንበር ክርክር የመጡ ገበሬዎች የራሳቸውን ጉዳይ ትተው ደጄ ላይ ቆሙ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ አንዱዓለም አንዴ ጫን አደረገና፣ «ገባ! እትዬ፣ ገባ!» ብሎ ጮኸ። ቅጹ መጣ። ግን አመጣጡን ባያችሁት! ሁሉ ነገር ተዘበራርቋል። የስም ቦታ ከልደት ዘመን ሥር ወድቋል፣ የአባት ስም ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል፣ የመላኪያዋ ቁልፍ ከታች ጥግ ተሸጉጣለች። አንዱዓለም ራሱን ያዘ። እኔ ግን ወንበሬን ወደ ፊት ሳብሁ። ጠማማ ቅጽ ስሞላ አይደል እንዴ የኖርሁ! ሲፈልግ ተገልብጦ ይምጣ፣ የስሙ ቦታ የት እንደሆነ ጣቴ ያውቃል። ሙና ትናገራለች፣ እኔ እመታለሁ። መካከል ላይ መስመሩ ተቆረጠና እንደ አዲስ ጀመርን። ሁለተኛውን ስጨርስ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። «ቢስሚላህ በይ» አልኋትና የመላኪያዋን ቁልፍ ራሷ እንድትጫን አደረግሁ።

ተጫነች። ገጹ ነጭ ሆነ፣ ነጭ እንደሆነ ቆየ። ከዚያ አንድ ረጅም ቁጥር ብቅ አለ፤ ከሥሩም ምዝገባዎ ተጠናቋል የሚል። «አልሐምዱሊላህ!» ብላ ሙና ለምስጋና ግንባሯን መሬት አስነካች። ገበሬዎቹ አጨበጨቡ፣ እኔ እልልታዬን አቀለጥሁት፤ ከማዶ ያሉት ባጃጆች ሠርግ መስሏቸው ጡሩምባ ነፉ። ያን ቀን ቆቦ ላይ ከኔ በላይ የጸደቀ ሰው አልነበረም!

ሙና ፈተናውን አልፋ ሄደች፣ ተምራም መጣች። ዛሬ ምጥ የጸናባት እናት እዚሁ ትተኛለች፣ እዚሁ ልጇን ታቅፋለች። ባለፈው የዋጃ አንዲት ሴት መንታ ይዛ ስትወጣ አይቼ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስሁ፤ ደስታ ነው እንጂ ሌላ ምን አለቅሳለሁ። ትንሿንስ አሁን ማን ያስታውሳታል፣ ስልኩ ሁሉ በየቀኑ ብሮውዘሩን ይቀይራል።

ግን ከሁሉ በላይ የማልረሳው ሙና ለትምህርት በሄደች በሁለተኛው ሳምንት የደወለችልኝን ነው። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነበርሁ። «እትዬ፣ ጉድ ልንገርዎት» አለችኝ። «ምሳ ላይ ስናወራ፣ አንዷ ከዋግ በኩል ናት፣ አንዱ ከአፋር በረሃ፣ ሌሎችም አሉ። ሁሉም በአሮጌ ኮምፒውተር ሲሞክሩ ቀይ ጽሑፍ እየመለሳቸው ከርሞ፣ ተስፋ ቆርጠው ሳለ ዓርብ ጧት ዝም ብሎ ተከፈተልን ይላሉ። ለምን እንደተከፈተ አያውቁም።»

«አንቺስ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኋቸውም። እርስዎ ይንገሯቸው ብዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌዋለሁ።»

ወዲያው ከዚያች ስልክ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ድምፅ ተደራርቦ መጣ፦ «ሰላም እትዬ ዘውዴ!» የወንድም የሴትም ነው፣ እየሳቁ ነው፣ ስንት እንደሆኑ መቁጠር አልቻልሁም። ዕድሜ ልኬን ለሰው ቃል ስጽፍ የኖርሁ ሴት፣ አንድ ቃል እንኳ ጠፍቶብኝ እዚያው በጠራራ ፀሐይ እልል አልሁ።